ከአሸዋ ጭነት ስለወጣችው ጥቁር ድንጋይ የተነሳው ክር፣ እስከ መልስ 46

ለዘገያችሁ ጎረቤቶች። በሰፈራችን መድረክ ላይ የጀመርኩት ክር (የመልስ መቀባበሉ) 46 መልስ ደርሷል፤ ጥቂት የማይባለው ስለ ውሃ ነው። ምን ተባባሉ እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ፣ ከላይ እስከ ታች የተባለውን በገባኝ መጠን ላውጋችሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ ስምም አልጠራሁም፣ በዚህ ሰፈር ማን ምን እንደሚጽፍ ሁሉም ያውቃል። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አድርጌያቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ ቁጥር 22 ላይ ስትደርሱ ይገባችኋል።

መነሻው (የእኔ)

ፉሪ ተራራ ግርጌ ሁለት ክፍል ሰርቪስ እያሠራሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ አቧራውን ስላስጠጣኋችሁ ይቅርታ። ባለፈው ማክሰኞ ሠራተኛው የልስን አሸዋ በወንፊት ሲነፋ አንዲት ድንጋይ ወንፊቱ ላይ ቀረች። አንስቶ ሊወረውራት ሲል ጣቱን ቆረጠችው። መዳፍ ታክላለች፣ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ታብለጨልጫለች፣ ጫፏ ሹል ነው፣ ግራና ቀኟ ተመጣጥኖ ተፈልጧል። ጠርዟን ወደ ፀሐይ ሲያዞሩት ጥቁረቱ ይሳሳና የጠላ መልክ ያመጣል።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ማታ ማታ፣ መብራት ካለ፣ ስለ ጥንት የጠፈር እንግዶች የሚያወሩ ቪዲዮዎች ላይ ተጥጄ ነበር። ፒራሚዱን ሰው አልሠራውም፣ ሰውን ራሱን የሠሩት ከሌላ ዓለም የመጡ ናቸው የሚል ነገር። ባለቤቴ ተው ይቅርብህ ትላለች። እናም በግማሽ ልብ ጠየቅኩ፦ ይህችን ድንጋይ እንዲህ አድርጎ የጠረባት ማነው? ሳይንስ ስለ ሰው አመጣጥ የሚነግረንስ ሙሉ ነው ወይስ የተደበቀ አለ? መጠኗ እንዲታይ አጠገቧ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጬ ሦስት ፎቶ ለጠፍኩ።

መልሶቹ

1. የጀሞ መስመር ሚኒባስ ሾፌሩ ቀደመ። ከነቤተሰቤ ሰላም ብሎኝ፣ እሱም አንድ ሌሊት ከፉሪ ተራራ አናት ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ብርሃን ማየቱን መሰከረ። ተራራው ላይ የማስተላለፊያ ማማ መኖሩን ያስታወሰው ሰው የለም፤ እኔንም ጨምሮ።

2. ባለሱቋ እትዬ አሸዋውን በስንት እንዳስገባሁት ጠየቁ።

3. ነገርኳቸው። ተበልተሃል አሉኝ።

4. ሙግቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። ዓለምገና መንገድ ዳር ሞባይል የሚጠግነው ወጣት፣ ወንድሜ እያለ፣ በሥርዓት፣ ረዘም ያለ ጽሑፍ አወጣ። ስዊዘርላንዳዊው ኤሪክ ፎን ዳኒከን በ1968 የጥንት ሰዎች አማልክት ብለው የጠሯቸው የጠፈር መንገደኞች ናቸው ብሎ መነሳቱን፣ በ1976 ደግሞ ዘካሪያ ሲቺን የሱመርን የሸክላ ሰሌዳ አነበብኩ ብሎ በ3,600 ዓመት አንዴ ብቅ ስለሚል ኒቢሩ ስለሚባል ፕላኔት መጻፉን ተረከ። ከዚያ የመጡት አኑናኪዎች ወርቅ የሚቆፍርላቸው ሲያጡ፣ እዚህ ምድር ላይ ካገኙት ፍጡር ጋር የራሳቸውን ዘር ደባልቀው ሰውን ሠሩ፤ ጊዜውም የዛሬ 300,000 ዓመት ገደማ ነው። የራሱንም ጨመረበት። ወርቁ አፍሪካ ውስጥ ነው፣ እኛም ለገደምቢን የመሰለ ወርቅ አለን፤ በ2017 ደግሞ ሞሮኮ ጀበል ኢርሁድ የተገኙት አጽሞች 300,000 ዓመት እንደሆናቸው ታወጀ፤ ይሄ ሁሉ መግጠም እንዲያው በአጋጣሚ ነው ወይ? ሲነበብ ይጥማል። እኔ እስከ ቁጥር 5 ድረስ አምኜው ነበር።

5. ጡረታ የወጡት የባዮሎጂ መምህር ልጄ ብለው ጀመሩ፣ ማንበቡንም አመሰገኑለት። ከዚያ ኒቢሩ በባቢሎናውያን ጽሑፍ የአምላካቸው የማርዱክ ኮከብ ስም መሆኑን፣ አንዳንዱ ሰሌዳ ላይ እንዲያውም ጁፒተር ማለት እንደሆነ፣ ያንን የሽብልቅ ፊደል አጥንተው የሚያነቡ ሊቃውንትም የሲቺንን ትርጉም እንደማይቀበሉት አስረዱ። እንዲህ ያለ ፕላኔት በየ3,600 ዓመቱ መሃል ለመሃል ቢያቋርጥ ኖሮ የሌሎቹን ምሕዋር ሲያምስ ይኖር ነበር። ወደ 300,000ው ሲመጡ ግን መምህርነታቸው ወጣ። ሰው በዚያን ጊዜ በአንድ ጀንበር ከተሠራ፣ ከዚያ በፊት ያሉትን የት እናድርጋቸው? አፋር ጎና ላይ 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የተፈለጠ ድንጋይ አለ። ከዚህ በቡታጅራ መንገድ ብንወርድ፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪ.ሜ. ገደማ፣ መልካ ቁንጥሬ ላይ ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋው የሕፃን መንጋጋ ተገኝቷል። አኑናኪዎቹ መጡ ከተባለበት ዘመን በፊት አዋሽ ዳር ሰዎች ድንጋይ ሲጠርቡ ኖረዋል፣ ልጆቻቸውንም እዚያው አሳድገዋል።

6. የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ የምትሠራ የጂኦሎጂ ባለሙያ አጭር ጻፈች። ድንጋይዋ ባልጩት ናት፤ እሳተ ገሞራ ያወጣው ቅላጭ ቶሎ ሲቀዘቅዝ የሚሆነው ጥቁር የተፈጥሮ መስታወት። ቀጥላ አሸዋው ከየት እንደተጫነ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም። እኔም የመለስኩት መስሎኝ አለፍኩ።

7. ሞባይል ጠጋኙ በሌላ በር መጣ፦ መጽሐፈ ሄኖክ። ሙሉው የተገኘው በግዕዝ ብቻ፣ በእኛው እጅ እንደሆነ፣ ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ይዞ መሄዱን አስታወሰን። እዚያ ውስጥ ትጉሃን የሚባሉ 200 መላእክት ሄርሞን ተራራ ላይ ይወርዳሉ፣ የሰው ሴቶች ልጆችን ያገባሉ፣ ከእነሱ አንዱ አዛዝኤል ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ ኩል መኳልን ያስተምራል። ከሰማይ ወርዶ የብረት ሥራ ያስተማረ ከመንኮራኩር ሌላ በምን ይመጣል?

8. ዲያቆኑ እዚህ ላይ ገባ፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ያላሰብኩት መልስ የእሱ ነው። የጠፈር ሰው የሚያመጣ መስሎኝ ስጠብቅ፣ የአባቶችን ትርጓሜ አምጥቶ ቁጭ አደረገው። በትርጓሜው እነዚያ የሰማይ ልጆች የተባሉት ደቂቀ ሴት (የአዳም ልጅ የሴት ዘሮች) ናቸው፤ በቅድስናቸው እንደ መላእክት የተቆጠሩ፣ ኋላ ከተራራው ወርደው ከቃየል ልጆች ጋር የተቀላቀሉ ሰዎች። መጽሐፉ የእኛ ነው እየተባለ ትርጓሜውን ከቪዲዮ መቅዳት ምን ይባላል ብሎም ጠየቀ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ግን ከዚህ በኋላ ወንድሜ የሚለው ቃል ክሩ ላይ እየሳሳ ሄደ።

9. የሒሳብ ሠራተኛው ጎረቤታችን ቀልዱን አልቻለም። በግዕዙ የትጉሃኑ ልጆች ቁመት 3,000 ክንድ ተብሏል፤ አንድ ክንድ ግማሽ ሜትር ቢሆን 1,500 ሜትር። መስቀል አደባባይ ቢቆም እንጦጦ ወገቡ አካባቢ ይደርሳል። የማንን በር ያንኳኳል፣ የማንን ሽሮ ይበላል?

10. ዲያቆኑ በዚህ አልሳቀም።

11–15. ውሃ። የእኛ ብሎክ ተራ ሐሙስ ነው አይደለም የሚል። አንዱ ቦቴ ተጋርተን እናስመጣ ብሎ ስልክ ቁጥር ለጠፈ፤ ቁጥሩ አይሠራም።

16. ይህኛውን ሁለት ጊዜ አንብቡት እላለሁ። ሐና ማርያም አካባቢ ኮብልስቶን የሚጠርበው ልጅ ነው፣ እስከ ዛሬ እዚህ መድረክ ላይ ከእንኳን አደረሳችሁ በቀር አንድ ቃል ጽፎ አያውቅም። ሁለተኛውን ፎቶ አጉልቶ አይቶት ነው የመጣው። ይህቺ የተመታች ናት አለ፣ ወድቃ የተሰበረች አይደለችም። ምልክቱን ዘረዘረ። በአንደኛው ፊቷ 14 የተፈለጠ ጠባሳ ቆጥሯል፤ ሁሉም የሚጀምሩት ከጠርዙ ነው፣ መሃል ላይ የጀመረ አንድም የለም። እያንዳንዱ ጠባሳ መነሻው ላይ ትንሽ ስርጉድ አለ፣ ከዚያ ኩሬ ውስጥ ጠጠር ሲጣል እንደሚሆነው ክብ ክብ ሞገድ ይወጣል። ስርጉዱ ምቱ ያረፈበት ነው። ተፈልጦ የሄደው ስንጣሪ ደግሞ በዚያው ቦታ ላይ ጉብ ያለ ነገር ይዞ ይሄዳል፤ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይይዛል። ከዚያ እንዴት እንደተሠራ በእጁ እንደያዛት ሆኖ ተረከው፦ ሁለት ሦስት ይመታል፣ ይገለብጣል፣ ከወዲያኛው ፊት ይመታል፣ እንደገና ይገለብጣል። ወደ ጫፉ ሲደርስ ምቱን ያለዝባል፣ አለበለዚያ ጫፉ ይሄዳል። እሱም ባዛልት ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጀማሪ የሆነ ሰው ድንጋዩን ሳያዞር አንድ ጎን ብቻ እየደበደበ እንደሚያበላሽ፣ ይህችን የሠራው ግን ጀማሪ እንዳልሆነ ተናገረ። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እጁ ግን ሥራ ያውቃል፣ ብሎ ጨረሰ።

የጠፈር ጉዳይ አላነሳም። ማንሳትም አላስፈለገውም።

17. ጠጋኙ ትናንሹን ተዉት፣ ትልቁን መልሱ አለ። አክሱም ላይ የወደቀው ሐውልት 33 ሜትር ነው፣ ክብደቱ 520 ቶን ገደማ። ከሮም የተመለሰው እንኳ፣ 160 ቶን ያህሉ፣ በ2005 በሦስት ተቆራርጦ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ነው የመጣ። ጥንት ምን አውሮፕላን ነበር?

18. ያው የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ በዚህኛው ግን አልቀለደም። ጎበድራ የሚባለው የድንጋይ መፍለጫ ከአክሱም በስተምዕራብ አራት ኪ.ሜ. ገደማ ላይ መሆኑን፣ እሱም በእግሩ ሄዶ ማየቱን ጻፈ። አለቱ ላይ በመስመር የተደረደሩ የሽብልቅ ጉድጓዶች ዛሬም አሉ፤ ሽብልቁ የገባበት፣ አለቱ ሳይፈለጥ የቀረበትም። 33 ሜትሩ ደግሞ ሲያቆሙት ሳይወድቅ እንዳልቀረ ነው አጥኚዎች የሚሉት። ከሌላ ኮከብ ድረስ መጥቶ ድንጋይ የሚያመልጠው እንዴት ያለ እንግዳ ነው? ድንጋይ የሚያመልጠው ሰውን ነው።

19. እዚህ ላይ ተበላሸ። ጠጋኙ ልጅ ሁላችንም የምዕራባውያን ሳይንስ ባሪያ መሆናችንን ጻፈ። ሳይንቲስቶች ይዋሻሉ፤ እንግሊዝ አገር በ1912 ፒልትዳውን ላይ የጥንት ሰው ራስ ቅል አገኘን ብለው 40 ዓመት ዓለምን አታልለዋል። ይሁን፣ ይህ እውነት ነው። ከዚያ ግን ወደ መምህሩ ዞሮ አንተ አላቸው። አንተ ራስህ የተማርከውን ነው የምትደግመው አለ። የአባቱን እኩያ።

20. በአንድ መልስ ቁጥር ሰባት ሰው ተከታትሎ ጻፈ ማለት ይቻላል (መድረኩ ለምን እንደዚያ እንደቆጠረው አልገባኝም)። ስለ ፒልትዳውን የተናገረ የለም። ሁሉም ስለ አንተ እና አንቱ ነው። ባለሱቋ እትዬ የልጁን እናት እንደሚያውቋት አስታወሱት፤ ይኼኛው ከሁሉም ከባዱ ነው።

21. መምህሩ ራሳቸው መጥተው ተዉት አሉ። አንተ መባል አያጎድለኝም፣ ጥያቄው ግን ይመለስ ብለው ፒልትዳውንን አፍታቱት። የሰው ራስ ቅል ከኦራንጉታን መንጋጋ ጋር ተገጣጥሞ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ጥርሱ ተሞርዶ ነበር። ያጋለጠውስ ማነው? በ1953 እነዚያው ሳይንቲስቶች አጥንቱን በኬሚካል መርምረው ነው። በጠፈር እንግዶች ጎራ ተመሳሳይ ስህተት ሲገኝ ራሱ ጎራው ያጋለጠበትን አንድ ጊዜ ንገረኝ ልጄ አሉት። ልጄን አልተዉትም።

22. ድንቅነሽ መቼ ተገኘች በሚል ሁለት ሰዎች ተያያዙ። አንደኛው 1967 ነው አለ፣ ሌላኛው 1974። ተሰዳደቡ። ፋርማሲስቷ መጥታ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ አንዱ የእኛ አቆጣጠር ነው፣ አንዱ የእነሱ፤ ኅዳር 15 ቀን 1967 ማለት ኖቬምበር 24፣ 1974 ነው ባትላቸው ኖሮ አሁንም ይቀጥሉ ነበር። ሦስተኛው ሰው ደግሞ በ1967 የተገኘችው ድንቅነሽ ሳትሆን የኦሞ ኪቢሽ ሰው ነው ብሎ ጨመረበት። እሱም ልክ ነው፣ በአውሮፓውያኑ። ለዚህ ነው ከላይ ያስጠነቀቅኳችሁ።

23–26. ይህ ሁሉ ሚሊዮን እንዴት ታወቀ የሚል ነው፣ ከአሽሙር ጋር። አንዱ ዕድሜ የሚለካበት ካርቦን 14 አያስተማምንም አለ። ጂኦሎጂስቷ ማንም ለድንቅነሽ ካርቦን 14 አልተጠቀመም ብላ መለሰች፤ እሱ ግማሹ በ5,730 ዓመት ስለሚከስም ከ50,000 ዓመት ገደማ ወዲያ አይሠራም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚለካው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ቅላጩ ሲወጣ ውስጡ የነበረው አርገን ጋዝ ያመልጣል፣ ሰዓቱ ከዜሮ ይነሳል፤ ከዚያ አመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 የሚባል ንጥረ ነገር በጣም በዝግታ፣ ግማሹ ለመክሰም 1.25 ቢሊዮን ዓመት እየፈጀበት፣ ከፊሉ እንደገና አርገን ይሆናል። የተጠራቀመው አርገን ይለካል። አጥንቱን ራሱን ማንም አይነካውም፤ ከበላዩና ከበታቹ ያለው አመድ ነው የሚናገረው። ቀን ያልተጻፈበት ደረሰኝ በ2010ና በ2011 የግድግዳ ካላንደር መሃል ተጣጥፎ ብታገኙት መቼ እንደተቀመጠ ታውቁ የለም ወይ አለች። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ነገሩ የት ተኝቶ እንደነበር ነው። እግረ መንገዷን አሸዋው ከየት እንደመጣ ለሁለተኛ ጊዜ ጠየቀችኝ።

27. ያው የውሃ ተራ።

28. ጠጋኙ ተረጋግቶ ተመለሰ፤ ለመምህሩም እርስዎ አላቸው። አዲሱ ማስረጃው ክሮሞዞም ነው፤ በሕዋሳችን ውስጥ የዘር መረጃ የሚሸከመው። ቺምፓንዚ 48 አለው፣ ሰው 46። ሁለቱ ተጣብቀው የእኛ ሁለተኛው ክሮሞዞም ሆነዋል። ይህ የቀዶ ሕክምና ሥራ ነው ባይ ነው።

29. ፋርማሲስቷ መጣበቁ እውነት መሆኑን ሳትሸሽ ተቀበለች። ግን መገጣጠሚያው ላይ የክሮሞዞም ጫፍ ብቻ ላይ መሆን የነበረባቸው ቅደም ተከተሎች አፍ ለአፍ ገጥመው፣ አርጅተውና ተበላሽተው ይገኛሉ፤ ክሮሞዞም አንድ ብቻ የሚያስፈልገው ወገብም ሁለት ሆኖ፣ አንዱ ሥራ ፈትቶ፣ ርዝራዡ እዚያው ቀርቷል። በዛሬ ሰዎችም ላይ የክሮሞዞም መጣበቅ ይታያል፤ ከ1,000 ሰው አንድ ያህሉ ሌላ ዓይነት መጣበቅ ይዞ በጤና ይኖራል፣ ማንም ቀዶ አላደረገለትም። በመጨረሻ ለልጁ በሙያው መጣችበት፦ አንተ የሰው ስልክ ስትበይድ አሮጌውን እርሳስ እንደዚህ አንጠባጥበህ ትመልሳለህ ወይ? ጠጋኙ ሳቀ። በክሩ ሁሉ አንድ ጊዜ የሳቀው እዚህ ነው።

30. ገላን ኮንዶሚኒየም የምትኖር፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ እህት፣ ከሁሉ የመረረውን ጻፈች። ሮም ያለውን ስታዲየም ሰው አልሠራውም የሚል ቪዲዮ አይታ እንደማታውቅ፣ ጥያቄው ይበልጥ የሚነሳው ግብፅ ላይ፣ ፔሩ ላይ፣ እኛ ላይ እንደሆነ፣ ድንጋይ የጠረበ የጥቁር እጅ ሲሆን ከሰማይ እጅ እንደሚፈለግለት። አያቷ ጢያ አካባቢ እንደተወለዱ፣ ሶዶ ውስጥ፣ እዚያ 36 ትክል ድንጋዮች መቆማቸውን፣ 32ቱ ላይ ሰይፍና ሌላም ምልክት መቀረጹን፣ ሥራቸው ሲቆፈር የወጣው መንኮራኩር ሳይሆን የሰው መቃብር መሆኑን። የአያቴን አገር ሙታን ለማን ነው የምትሰጡት አለች። ይህን ካነበብኩ በኋላ ያቺን ማታ ቪዲዮ አልከፈትኩም። ባለቤቴ አመመህ ወይ አለች።

31–33. ከጎረቤቶች አንዱ የግዙፍ አጽም ፎቶ ለጠፈ፤ ቆፋሪዎቹ ከራስ ቅሉ ሥር ጉንዳን መስለው የሚታዩበትን። ሳይውል ሳያድር የሒሳብ ሠራተኛው ፎቶው በ2002 ለምስል ቅንብር ውድድር የተሠራ እንደሆነ፣ ከሥሩ ያለው እውነተኛ ቁፋሮም አሜሪካ ውስጥ ዝሆን መሰሉ ማስቶዶን የወጣበት መሆኑን ጻፈ። የለጠፈው ሰው አመሰገነ። በሰዓቱ ውስጥ ፎቶውን በዕድር ግሩፓችን ላይ አገኘሁት፣ ከእሱው።

34. አንድ አባት ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5,500 ዘመን እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ቢደመር ከ7,500 ጥቂት እንደሚያልፍ፣ የጠፈሩም የሳይንሱም ሚሊዮን ለእሳቸው አንድ እንደሆነ ጻፉ።

35. መምህሩ ከእኚህ ጋር አልተከራከሩም። ዓርብና ረቡዕ እየጾሙ 31 ዓመት ዝግመተ ለውጥ ማስተማራቸውን፣ ሰው ከዝንጀሮ መጣ የሚል ዓረፍተ ነገር ግን አንድም ቀን ሰሌዳ ላይ እንዳልጻፉ፣ የጻፉት ሰውና ቺምፓንዚ የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው የሚለውን እንደሆነ ብቻ ተናገሩ። እኚህን አባት በሌላ ነገር ጠየቋቸው፤ የጉልበታቸውን ሕመም።

36. ይህኛው ለእኔ ነው። በሕግ የሚያገለግል ጎረቤት በድንገት የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል መነገር እንዳለበት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መደንገጉን (ይኼ በእኛ ነው)፣ በኪስ ይዞ መዞር እንደማይቻል ቆጣ ብሎ አሳሰበኝ።

37. ደነገጥኩ። ሰኞ ቅርስ ባለሥልጣን እንደምወስዳት ጻፍኩ። እስከዚያ ድረስ ቡፌው ውስጥ፣ ከሠርግ ሲኒዎቹ ኋላ ናት።

38–41. ጉዞ ተነሳ። ሾፌሩ (ቁጥር 1) እሑድ ሚኒባሱን ይዞ መልካ ቁንጥሬ ሊወስደን ተስማማ፣ ነዳጅ ብቻ። መምህሩ እዚያ ምን እንደምናይ አስቀድመው አወሩን፦ ቦታውን በ1963 ያስተዋለው ጌሪት ዴከር የሚባል የኔዘርላንድ የውሃ ባለሙያ መሆኑን፣ ጎምቦሬ ላይ ተቆፍሮ እንደተገኘ የተተወውን ወለል፣ 700,000 ዓመት የሆነውን የሕፃናትና የአዋቂዎች ዱካ ታሪክ፣ ስምቢሮ ላይ የዛሬ 1.2 ሚሊዮን ዓመት ሰዎች ባልጩት መርጠው መጥረቢያ ያመረቱበትን፣ መልካ ቁንጥሬ ባልጩቱ ከሚወጣባት ባልጪት መንደር ጋር በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ መግባቱን። የመንደሯ ስም ራሱ ባልጩት ነው፣ በየሳምንቱ በአጠገቧ እያለፍን ቡታጅራ ለቅሶ እንሄዳለን። 14 ሰው ተመዘገበ፣ የከፈሉት አምስት ናቸው። መጀመሪያ የከፈለው ሞባይል ጠጋኙ ነው። አምኗል ማለት አይደለም፤ ድንጋዮቹን በራሱ ካሜራ ማንሳት እንደሚፈልግ ተናግሯል።

42. ጂኦሎጂስቷ ለሦስተኛ ጊዜ፣ አሁን በትልልቅ ነጥቦች፦ አሸዋው ከየት መጣ?

43. አፍሬ ለአሸዋ ሾፌሩ ደወልኩ። ግማሹን ወንዝ ዳር እንደጫነ፣ የጎደለውን ዓለምገና ማታ ላይ ከሌላ ሰው ክምር ገዝቶ እንደሞላ፣ ያኛው ሰው ከየት እንዳመጣው እንደማያውቅ ነገረኝ። የትኛው ወንዝ ብዬ ስጠይቀው አዋሽም ሊሆን ይችላል አለ። ሌላ ጭነት ትፈልጋለህ ወይ ብሎም ጠየቀኝ።

44. መልሷ ከተለመደው ረዘመ። ያዘነች ትመስላለች። ከተኛችበት ንብርብር የወጣች ድንጋይ ዕድሜዋን የሚናገርላት የለም፤ በላይዋ ምን አመድ ነበር፣ በሥርዋ ምን ነበር፣ አጠገቧ የጉማሬ አጥንት ነበር ወይ፣ ሁሉም ከአካፋው ጋር ሄዷል። ቅርጿን ዓይተው በጣም የቆየች ናት ሊሉ ይችላሉ፣ ከዚያ አያልፉም። ባልጩት ደግሞ በአገራችን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ቆዳ ለመፋቅ ሲያገለግል የኖረ ነው። ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ ጨመረች፤ ግን የቀረውን አሸዋ እንዳላስለስንበት ለመነችኝ።

45. ኮብልስቶን ጠራቢው በዱቄት ወንፊት ንፋው አለ። ትልቋ ካለች ትንንሾቹ ይኖራሉ።

46. የእኔ ነው፣ ዛሬ ማታ የጻፍኩት። የባለቤቴን ወንፊት በድርድር ወስጄ ሁለት ጋሪ ነፋሁ፤ ሠራተኛው ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ከሩቅ ያያል። አንድ የቢራ ቆርኪ፣ አንድ የላስቲክ ጫማ ቁራጭ፣ ሁለት ጥቁር ስንጣሪዎች፣ ከጥፍር የማይበልጡ። በስልክ መብራት አየኋቸው። አንደኛዋ ላይ ምንም አልገባኝም። ሁለተኛዋን በአውራ ጣቴ ዳሰስኳት፤ ወደ ወፍራሙ ጫፍ ጉብ ያለ ነገር አላት። ፎቶዋን ጠዋት እለጥፋለሁ፣ አሁን መብራት የለም።